ኮንሶሉ ነው ወይስ ካርዱ? የእጅ ጌም ኮንሶል ሚሞሪ ካርድ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ጌም ሲንቀራፈፍ፣ ዳውንሎድ ግማሽ ላይ ሲቆም ወይም ሴቭ ያደረግነው ሲጠፋ ቶሎ የምንጠረጥረው ኮንሶሉን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ካርዱን ነው። ኮንሶል ለጥገና ከመስጠታችሁ በፊት ከታች ካሉት ምልክቶች የእናንተን ፈልጉ። ካርድ ገና ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ሁሉንም አንብቡት፤ አብዛኛው ችግር የሚጀምረው ስንገዛ ነውና።

ካርዱ ገብቷል፣ ኮንሶሉ ግን አያውቀውም

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የካርዱ ዓይነት ነው። መግጠም ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ኒንቴንዶ ስዊች 2 ከውስጥ ሚሞሪው ውጪ ጌም የሚያስቀምጠው በማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ ካርድ ላይ ብቻ ነው። የድሮው ማይክሮ ኤስዲ ማስገቢያው ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል፤ ግን በፊት ያነሳችኋቸውን ስክሪንሾቶችና ቪዲዮዎች ወደ ኮንሶሉ ከመገልበጥ በቀር አያገለግልም። መፍትሄው ካርዱ ላይ «ኤክስፕረስ» የሚለውን ጽሑፍ ወይም ምልክቱን አይቶ መግዛት ነው። ከጀርባው ሁለት ረድፍ የብረት ነጥቦች አሉት ብላችሁ ብቻ አትግዙ፤ ዩኤችኤስ 2 የሚባሉት ካርዶችም ሁለት ረድፍ አላቸው፣ ኤክስፕረስ ግን አይደሉም።

በመጀመሪያው ስዊች ላይ ነገሩ ይቀላል። እስከ 2 ቴራባይት ይቀበላል፤ ከ32 ጊጋ በላይ የሆነ ካርድ መጀመሪያ ሲገባ ግን አፕዴት ሊጠይቅ ስለሚችል ከኢንተርኔት ጋር አገናኙት። 3ዲኤስ ያላችሁ ደግሞ 32 ጊጋ ይበቃችኋል። ከዚያ በላይ ያሉት ካርዶች የሚመጡት በኤክስፋት ፎርማት (ካርዱ ፋይሎችን በሚያደራጅበት መንገድ) ነው፣ 3ዲኤስ የሚያነበው ግን ፋት 32ን ነው። ፒኤስ ቪታና ፒኤስፒ ከናካቴው ኤስዲ አይቀበሉም፤ ሁለቱም የራሳቸው የሶኒ ካርድ አላቸው።

ዓይነቱ ትክክል ሆኖ እምቢ ካለ ኮንሶሉን ሙሉ በሙሉ አጥፉ፣ ካርዱን አውጡ፣ የብረት ነጥቦቹን በደረቅና ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉና መልሱት።

ጌሙ ይከፈታል፣ ግን ይንቀራፈፋል

ከመፍረዳችሁ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ፦ ያንኑ ጌም ወደ ኮንሶሉ የውስጥ ሚሞሪ አዛውሩትና ተጫወቱ። እዚያም ከተንቀራፈፈ ካርዱ ነጻ ነው፤ ገንዘባችሁን ያዙ።

በውስጥ ሚሞሪ ከፈጠነ ግን ካርዱ ቀርፋፋ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ማሸጊያው ላይ በትልቁ በተጻፈው ቁጥር ይታለላል። የመጀመሪያው ስዊችና ስቲም ዴክ የካርድ ማስገቢያቸው ዩኤችኤስ 1 የሚባለው የፍጥነት ደረጃ ነው፤ ጣሪያው በሴኮንድ 104 ሜጋባይት ነው። «በሴኮንድ 200 ሜጋባይት» የሚል ካርድ ብትገዙ ኮንሶሉ ላይ ከጣሪያው አያልፍም። ኒንቴንዶ ለመጀመሪያው ስዊች የሚመክረው የማንበብ ፍጥነት ከ60 እስከ 95 ሜጋባይት ነው። ዩኤችኤስ 2 ብትገዙም ሁለተኛው ረድፍ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል እንጂ ጠብ የሚል ነገር የለውም።

ትንንሾቹ ምልክቶች የበለጠ ይናገራሉ። ዩ1 ማለት ካርዱ ቢያንስ በሴኮንድ 10 ሜጋባይት ይጽፋል ማለት ነው፤ ዩ3 እና ቪ30 ደግሞ 30። እነዚህ የተወሰኑት ለቪዲዮ ቀረጻ ታስቦ ነው። ጌም ግን በየቦታው የተበታተኑ ትንንሽ ቁርጥራጮችን ሲለቃቅም ይውላል፤ ያንን የሚለካው የኤ ምልክት ነው። ኤ1 በሴኮንድ ቢያንስ 1500 የተበታተነ ንባብና 500 ጽሑፍ ይችላል። ኤ2 ወደ 4000 እና 2000 ያደርሰዋል፤ ይህ ግን ማሽኑ ራሱ ኤ2ን ሲደግፍ ብቻ ነው። የማይደግፍ ከሆነ ለኤ2 ተጨማሪ መክፈል አያስፈልግም። ለዩኤችኤስ 1 ኮንሶል የእኔ ምርጫ ከታወቀ አምራች የመጣ፣ ዩ3 እና ኤ1 ያለበት ካርድ ነው።

ካርዱ ሳይሞላ ፋይሎች ይበላሻሉ

ይህኛው ያንገበግበኛል፣ ደርሶብኛልና። አንድ ጊዜ 512 ጊጋ የሚል ካርድ ገዛሁ። ማሸጊያው የታወቀ ብራንድ ይመስላል፣ ኮምፒውተሩም ሙሉ መጠኑን አሳየኝ። የመጀመሪያዎቹ ጌሞች ያለ ችግር ሠሩ። ሌላ ስጨምር ግን ትናንት ስጫወተው የነበረው አልከፈት አለ። ፋይሉ በስሙም በመጠኑም ቦታው ላይ አለ፤ ውስጡ ግን ሌላ ነገር ተጽፎበታል።

ፎርጅድ ካርድ እንዲህ ነው። ውስጡ ያለው ትንሽ ቺፕ፣ ለምሳሌ 32 ጊጋ፣ መቆጣጠሪያው «512 ነኝ» ብሎ እንዲዋሽ ተደርጎ ተስተካክሏል። እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ አዲሱ መረጃ ወይ ይጣላል ወይ በአሮጌው ላይ ይጻፋል። ካርዱ ግን ምንም ስህተት አያሳይም፤ ሰው ኮንሶሉን የሚጠረጥረውም ለዚህ ነው።

ማረጋገጫው አንድ ነው፦ ካርዱን ሙሉ በሙሉ ሞልቶ መልሶ ማንበብ። በዊንዶውስ ኤችቱቴስትደብልዩ፣ በሊኑክስና በማክ ኤፍ3 የሚባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ይህንን ይሠራሉ። ጊዜ ይወስዳል፤ በሴኮንድ 30 ሜጋባይት የሚጽፍ ባለ256 ጊጋ ካርድ ለመሞላት ብቻ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ቢሆንም ካርዱ ገና ባዶ ሳለ፣ ሻጩም ገና በሚመልስበት ጊዜ አድርጉት። ፎርጅድ ሆኖ ከተገኘ ፎርማት ማድረግ የሌለውን ቦታ አያመጣም፤ መመለስ ብቻ ነው።

ባለ256 ጊጋ ካርድ ኮምፒውተር ላይ 238 ሲል ግን አትደንግጡ። አምራቹ አንድ ጊጋን በቢሊዮን ባይት ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1024 እያባዛ፤ ካርዱ ያው ነው።

ኮምፒውተሩ «ፎርማት ይደረግ?» ይላል

ካርዱ የስቲም ዴክ ከሆነ እሺ እንዳትሉ! ስቲም ዴክ ካርዱን ኤክስት 4 በሚባል የሊኑክስ ፎርማት ያዘጋጀዋል፤ ዊንዶውስ ያንን ማንበብ ስለማይችል ያልተዘጋጀ ካርድ ይመስለዋል። እሺ ካላችሁ ጌሞቹ ይሰረዛሉ።

ካርዱ ይነበባል፣ አይጻፍበትም

አዳፕተር (ማይክሮ ኤስዲው የሚገባበትን ትልቁን ካርድ) ከተጠቀማችሁ ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ወደ ላይ ግፉ። መቆለፊያው ክፍት ሆኖም ካልጻፈ ካርዱ እያለቀ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ ካርዶች ሲደክሙ ራሳቸውን ለንባብ ብቻ ይቆልፋሉ። ያኔ ለማስተካከል አትታገሉ፣ ያለውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ።

በመጀመሪያው ስዊች ላይ ሴቭ የሚቀመጠው በውስጥ ሚሞሪ እንጂ በካርዱ ላይ ስላልሆነ ካርዱ ቢሞት የሚጠፋው ዳውንሎድ ያደረጋችሁት ጌምና ስክሪንሾት ነው፤ ጌሙ እንደገና ይወርዳል። ፒኤስ ቪታ ግን ሴቩን ካርዱ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ ስለዚህ እዚያ ቅጂው ዛሬውኑ ይያዝ።