የድሮ የቄስ መኖሪያ ቤት ሲገመት የሚሠሩ ስህተቶች

ቤተ ክርስቲያኑን ቅርስ ነው የሚል ሰው፣ አጠገቡ ያለውን የካህኑን ቤት ግን «ይፍረስና አዲስ ይሠራ» ለማለት አይቸገርም። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። ስህተቶቹን በአንድ ቤት ላሳያችሁ። ቤቱ ያለው በሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሻየር ውስጥ፣ ሃዎርዝ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

አንደኛው ስህተት ውበት መፈለግ ነው። የሃዎርዙ ቤት በ1770ዎቹ መጨረሻ የተሠራ፣ ጌጥ የሌለው የድንጋይ ቤት ነው። ቤተ መንግሥት የሚመስል ነገር ጠብቆ የሚሄድ ሰው ቅር ይለዋል። ሆኖም በእንግሊዝ የቅርስ ምዝገባ ከፍተኛውን ደረጃ ይዟል።

ሁለተኛው «ታዋቂ ሰው ካልኖረበት ምን ዋጋ አለው?» ማለት ነው። እርግጥ ዓለም ቤቱን የሚያውቀው በደራሲዎቹ እህትማማቾች በሻርሎት፣ በኤሚሊና በአን ብሮንቴ ነው። ግን አባታቸውን እዩ። ቄስ ፓትሪክ ብሮንቴ ከ1820 ጀምሮ በ1861 እስኪያርፉ ድረስ እዚያ አገለገሉ። የከተማው ሰው በቆሸሸ ውሃ እያለቀ ስለነበር መፍትሔ እንዲፈለግ ለመንግሥት አመለከቱ። በ1850 ቤንጃሚን ባቤጅ የሚባል መርማሪ ተላከ። ከሕዝቡ 41.6 በመቶው ስድስት ዓመት ሳይሞላው እንደሚሞት፣ አማካይ የመሞቻ ዕድሜም 25.8 ዓመት እንደሆነ መዝግቧል። ሴት ልጆቻቸው አንድ መስመር ባይጽፉ እንኳ፣ ለከተማው ውሃ የተሟገተ ካህን የኖረበት ቤት ሊጠበቅ ይገባው ነበር።

ቤቱን ከአካባቢው ነጥሎ ማየትም ትልቅ ስህተት ነው። ከግቢው ፊት ለፊት መቃብሩ፣ ከመቃብሩ ወዲያ ቤተ ክርስቲያኑ አለ። ካህኑ ከቤት ወጥቶ ወደ ቅዳሴ የሚሄደው በሙታኑ መሃል ነው፤ የቤቱ ትርጉም ግማሹ እዚያ አጭር መንገድ ላይ ነው። የሚያሳዝነው፣ ከብሮንቴ በኋላ የመጡት ቄስ ጆን ዌድ በ1879 አሮጌውን ቤተ ክርስቲያን አስፈረሱት። ተቃውሞ ነበር፤ የተረፈው ግን ማማው ብቻ ነው። ቤቱ ቀረ፣ ጓደኛው ሄደ።

ከሁሉ ቶሎ የሚጠፋው የቤት ዕቃ ነው። ቄስ ብሮንቴ ሲያርፉ ዕቃው በጨረታ ተሸጠ። ከተሸጠው አንዱ እህትማማቾቹ ይጽፉበት የነበረው የምግብ ጠረጴዛ ነው። ላዩ ላይ የቀለም ጠብታ አለ፣ መሃሉን ሻማ አቃጥሎታል፣ አንድ ቦታ ደግሞ ትንሽ ፊደል ተቀርጾበታል። ዛሬ ቢሆን «አሮጌ ነው፣ አውጡት» የሚባለው እንዲህ ዓይነቱ ዕቃ ነው። ያ ጠረጴዛ በ2015 ወደ ቤቱ እንዲመለስ 580 ሺህ ፓውንድ ወጣበት። ስለዚህ መዝገብ፣ ደብዳቤ፣ ወንበር፣ ሳጥን፣ ምንም ነገር ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት ፎቶ ይነሳ፣ በዝርዝር ይጻፍ።

«ወደ ጥንቱ እንመልሰው» ብሎ በኋላ የተጨመረውን ሁሉ መናድም አለ። ዌድ በ1870ዎቹ ለቤቱ አንድ ክንፍ ጨምረዋል። ቤተ ክርስቲያኑን በማፍረሳቸው ብናዝንም ክንፉ የቤቱ ታሪክ ነው፤ ለሙዚየሙም ቦታ ሆኖታል።

ሲሚንቶ! በኖራ የተሠራ አሮጌ የድንጋይ ግንብ እርጥበቱን የሚያስወጣው በኖራው በኩል ነው። በሲሚንቶ ሲለሰን ውሃው መውጫ ያጣና ድንጋዩ ራሱ መፈርፈር ይጀምራል። እኛም ጎንደር ላይ አይተነዋል፦ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለግንቦቹ ጥገና የገባው ሲሚንቶ በ1970ዎቹ ተነስቶ በኖራ ተተክቷል። ግንበኛ ስትቀጥሩ መጀመሪያ በኖራ መሥራት ይችል እንደሆነ ጠይቁ።

የመጨረሻው፣ ካህኑ ሲለቅ ቤቱን ቆልፎ መተው ነው። ሃዎርዝ ላይ እንዲህ አልሆነም። ካህናት ሲኖሩበት ቆይቶ፣ ሰር ጄምስ ሮበርትስ የተባሉ የአካባቢው ተወላጅ በ3 ሺህ ፓውንድ ገዝተው ለብሮንቴ ማኅበር ሰጡት፤ በ1928 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። እንዲህ ያለ ገዢ ሁልጊዜ አይገኝም። እስኪገኝ ግን አንድ ሰው ቁልፉን ይያዝ፣ አሸንዳው ከክረምት በፊት ይጠረግ፣ መስኮቶቹም አልፎ አልፎ ተከፍተው ቤቱ ይናፈስ።