በኦንላይን ሱቅ የዕቃዎችን መገለጫ ወጥ አድርጎ የመያዝ ዘዴ

ከደብረ ብርሃን ወይም ከመሐል ሜዳ የመንዝን የሱፍ ውጤቶችና ጋቢ በኦንላይን የሚሸጥ ነጋዴ፣ ዕቃውን ሊዳስስ ለማይችል ገዢ የሚያሳየው ፎቶግራፍና ጥቂት መገለጫዎችን ብቻ ነው፤ እነዚህም ቀለም፣ ልክ፣ ክብደት፣ የተሠራበት ነገርና የአሠራሩ ዓይነት ናቸው። ገዢው በሱቁ ማጣሪያ ባናዎችን በአንዱ መገለጫ ለይቶ ሲፈልግ፣ ሱቁ የሚያወጣለት በዚያ መገለጫ ሥር ያው ቃል የተጻፈባቸውን ዕቃዎች ነው። ስለዚህ አንዱ ባና «ሱፍ»፣ ሌላው «የበግ ጠጉር» ተብሎ ከተመዘገበ፣ ሁለተኛው መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ «ሱፍ» ለሚመርጥ ገዢ እንደሌለ ይቆጠራል።

ሥራው የሚጀምረው ከሱቁ ሶፍትዌር ሳይሆን ከአንድ ሰንጠረዥ ነው። በኤክሴል ወይም በጎግል ሺትስ ለእያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት፣ ማለትም ለባና፣ ለዝተት፣ ለበርኖስና ለጋቢ፣ የትኞቹ መገለጫዎች እንደሚሞሉ፣ በምን መለኪያ እንደሚጻፉና የተፈቀዱት ቃላት የትኞቹ እንደሆኑ አስቀድመው ይወስኑ። መገለጫ ማብዛት አይመከርም፤ ገዢ ዕቃን ከዕቃ የማይለይበት ነገር ሁሉ ቦታው ዝርዝር መግለጫው ውስጥ ነው። ስለ ሸማኔው ወይም ስለ ጥለቱ የሚነገረው ታሪክም እንደልብ ሊጻፍ የሚገባው እዚያው ነው።

ቀለም ከሁሉም በላይ ያስቸግራል። በአካባቢያችን «ቀይ በግ» የሚባለው ጠጉሩ በእርግጥ ቡናማ ነው፤ ከእርሱ ሱፍ የተሠራ ባና በአቅራቢው አነጋገር «ቀይ» ተብሎ ይመጣና እንደዚያው ይመዘገባል። አዲስ አበባ ሆኖ «ቀይ» የሚለውን የመረጠ ሰው ግን የሚጠብቀው እንደ በርበሬ የቀላ ነገር ስለሆነ፣ ዕቃው ሲደርሰው ቢመልሰው አይፈረድበትም። መፍትሔው በመገለጫው ሥር «ነጭ»፣ «ጥቁር»፣ «ግራጫ» እና «ቡናማ» የሚሉ ጥቂት ቃላትን ብቻ መፍቀድ፣ «ገብስማ» እና የመሳሰለውን የአገሬው አጠራር ደግሞ በዝርዝር መግለጫው ማስቀመጥ ነው። ምርጫው የሚደረገው ከሱቁ የቀለም ናሙና አጠገብ ዕቃውን በቀን ብርሃን ዘርግቶ በማየት እንጂ ከአቅራቢው ቃል ወይም ከፎቶግራፉ አይደለም።

ልክም እንዲሁ ነው። ክንድ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ያለው ርቀት፣ ግማሽ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የአንዱ ሸማኔ ክንድ ከሌላው ጋር አይገጥምም፤ «ስምንት ክንድ» የተባሉ ሁለት ጋቢዎች ጎን ለጎን ሲዘረጉ ቢበላለጡ አያስደንቅም። ስለዚህ ርዝመትና ወርድ በተለያየ ሳጥን፣ በሴንቲ ሜትር፣ ከመለኪያው ስም ውጭ በቁጥር ብቻ ይሞሉ፤ ለምሳሌ «ርዝመት በሴ.ሜ.» በሚለው ሥር 220። «2.2 ሜትር»፣ «220 ሴ.ሜ» እና «220ሳሜ» ለሰው አንድ ቢሆኑም ለማሽን ሦስት ናቸው። ሱፍ እርጥበት ስለሚስብ ክብደቱ ደረቅ ሆኖ ሳለ ይመዘን፤ በደብረ ብርሃን ጉም በዋለበት የክረምት ቀን የተመዘነ ዝተትና በበጋ የተመዘነው የተለያየ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ፣ የማጓጓዣ ሒሳብ ደግሞ በክብደት ነው። ዘመን የሚጻፍበት መገለጫ ካለ ሁልጊዜ በዓ.ም. ወይም ሁልጊዜ በእ.ኤ.አ. ይሁን።

በአማርኛ ለሚሠራ ሱቅ ከዚህ ሁሉ የሚብሰው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። ጸ እና ፀ፣ ሰ እና ሠ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ ስናነባቸው አንድ ናቸው፤ ኮምፒውተር ፊደላትን በሚለይበት የቁጥር ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ግን ለየራሳቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፣ ጸ 1338 ሲሆን ፀ 1340 ነው። ስለዚህ «ጸጉር»፣ «ፀጉር» እና «ጠጉር» በሦስት ሠራተኞች እጅ ከተጻፉ በማጣሪያው ላይ ሦስት ምርጫ ሆነው ይወጣሉ። «ብርድ ልብስ» እና «ብርድልብስ»፣ እንዲሁም በቃሉ መጨረሻ የቀረ የማይታይ ክፍት ቦታ ያንኑ ውጤት ያመጣሉ። የትኛው አጻጻፍ ትክክል ነው የሚለው ክርክር ለሊቃውንቱ ይቆይና፣ ሱቁ አንዱን መርጦ በሰንጠረዡ ይጻፍ፤ ሌሎቹን አጻጻፎችና ተመሳሳይ ቃላት ግን አይጣላቸው፤ ገዢው የሚጽፈው እንደለመደው ስለሆነ ሁሉንም በፍለጋ ቃላት ሳጥን ውስጥ ያኑራቸው።

ቃላቱ ከተወሰኑ በኋላ ሠራተኛ በእጁ እንዳይጽፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ኤክሴልም ሆነ ጎግል ሺትስ በአንድ ዓምድ ከተፈቀዱት ቃላት በቀር ሌላ እንዳይገባ የሚያግድ የምርጫ ዝርዝር አላቸው። ዉኮመርስ በተባለው የኦንላይን ሱቅ ሶፍትዌር የሚሠሩ ከሆነ መገለጫውን በአንድ ዕቃ ገጽ ላይ ብቻ ከመፍጠር ይልቅ ለሱቁ በሙሉ በሚያገለግለው የመገለጫዎች ክፍል ይመዝግቡት፤ የሱቁ ማጣሪያ የሚያነበው ያንን ነውና። ያልታወቀ መረጃ ሲያጋጥም ሳጥኑ ባዶ ይቅር፤ «የለም» የሚለው ቃል ነገሩ በእርግጥ ለሌለበት ዕቃ ይጠበቅ።

ቀድሞ የተዘበራረቀ ካታሎግ ያለው ሰው እያንዳንዱን ዕቃ እየከፈተ ቢያርም ጊዜውን ይጨርሳል፣ ግማሹም ያመልጠዋል። ዕቃዎቹን በሙሉ ከነመለያ ቁጥራቸው በሲኤስቪ (በኤክሴልም ሊከፈት በሚችል የሰንጠረዥ) ፋይል አውርዶ፣ አንድ ቅጂ ሳይነካ አስቀምጦ፣ በየዓምዱ ያሉትን ልዩ ልዩ ቃላት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲታዩ ማውጣት ይሻላል፤ ስሕተቱ ያን ጊዜ በግልጽ ይታያል። ፋይሉ ሲከፈትም ሲቀመጥም ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደል አቀማመጥ መሆኑን ያረጋግጡ፤ አለበለዚያ ፊደሉ ሁሉ ወደማይነበብ ምልክት ይለወጣል። የታረመውን መጀመሪያ በጥቂት ዕቃዎች ሞክረው ማጣሪያው በትክክል ከሠራ ቀሪውን ይጫኑ፤ በቀድሞዎቹ ቃላት ሥር የቀረ ዕቃ እንደሌለ ካረጋገጡ በኋላም ቃላቱን ከመገለጫው ዝርዝር ይሰርዙ።

ከዚያ በኋላ አዲስ ቃል የመጨመር ሥልጣን ለአንድ ሰው ብቻ ይሰጥ። ከአንኮበር ወይም ከሸዋ ሮቢት አዲስ ዓይነት ዕቃ መጥቶ ከተፈቀዱት ቃላት አንዱም ካልገጠመው፣ መዝጋቢው ዕቃውን በሱቁ ላይ ሳያወጣ ያቆየውና ኃላፊው ቃሉን በሰንጠረዡ ካስገባ በኋላ ይመዘግበዋል።