ልጅዎ ቤዝቦል ጀመረ? እነዚህን ስህተቶች ያስወግዱ

እግር ኳስ እያየን ላደግን ሰዎች ቤዝቦል ዝግ ያለ ጨዋታ ነው። ልጆቹ አብዛኛውን ሰዓት ቆመው ነው የሚታዩት። ሜሪላንድም ሆነ ቨርጂኒያ ልጁን ሊትል ሊግ በሚባለው የልጆች ቤዝቦል ማኅበር ያስመዘገበ ሐበሻ ወላጅ የሚፈራው አንድ ነገር ነው፦ ኳሷ ፊቱን እንዳትመታው። መፍራቱ ልክ ነው። ግን ቀስ እያለ የሚመጣውን ጉዳት ከዳር ተቀምጦ ማየት ይከብዳል፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ውርወራ አለመቁጠር

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ፒቸር (ኳሷን ለመቺው የሚወረውር) የሆነ ልጅ ያንኑ እንቅስቃሴ በሙሉ ኃይሉ ደጋግሞ ይሠራል። በልጅ ክርን ውስጥ ደግሞ አጥንቱ ገና የሚያድግበት ስስ ክፍል አለ። ውርወራ ሲበዛ ቶሎ የሚጎዳው እሱ ነው። ሊትል ሊግ እ.ኤ.አ. በ2007 የውርወራ ገደብ ያወጣው ለዚህ ነው። ከ7 እስከ 8 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 50፣ ከ9 እስከ 10 ያለ 75፣ ከ11 እስከ 12 ያለ 85 ብቻ። ዕድሜው 14 እና ከዚያ በታች ሆኖ 66 ወይም ከዚያ በላይ ከወረወረ 4 ቀን ሳይወረውር ያርፋል። የሚቆጠረው በጨዋታው ላይ ለመቺው የተወረወረው ነው። ማሟሟቂያውና የጓሮው ልምምድ አይቆጠርም፤ ክንዱ ግን እሱንም ነው የሚሸከመው።

ነገሩ የሚበላሸው ልጁ ሁለት ቡድን ውስጥ ሲገባ ነው። አንዱ አሰልጣኝ የቅዳሜውን ይቆጥራል፣ ሌላው የእሑዱን። የሚደምረው ማን ነው? እርስዎ ነዎት። ስልክዎ ላይ ይመዝግቡት። “አሰልጣኙ ያውቃል፣ ምን አገባኝ” የሚለው ጨዋነታችን እዚህ ላይ አይሠራም። ቁጥር መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ደህና አሰልጣኝ ራሱ ይነግርዎታል።

“አይዞህ፣ ቻለው” ማለት

ጡንቻ መዛል አንድ ነገር ነው፣ የክርንና የትከሻ ሕመም ሌላ። ክርኔን አመመኝ ያለ ልጅ በዚያው ሰዓት መወርወር ያቆማል፤ ካልተሻለው ሐኪም ያየዋል። “ቢብስ በኦፕሬሽን ይስተካከላል” የሚሉም አሉ። ይህ ወሬ የመጣው ከቶሚ ጆን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ የዚህን የዶጀርስ ቡድን ፒቸር የተበጠሰ የክርን ጅማት በሌላ ጅማት ተኩለት፣ ሰውየውም ተመልሶ እስከ 1989 ተጫወተ። ሙሉውን የ1975 የውድድር ዘመን ቁጭ ብሎ ማሳለፉን ግን ማንም አያወራም። ኦፕሬሽኑ የተበጠሰውን ይተካል እንጂ የልጅን ክንድ አያጠነክርም።

ዓመቱን ሙሉ መወርወር

ሜጀር ሊግ ቤዝቦልና ዩኤስኤ ቤዝቦል በጋራ ያወጡት ፒች ስማርት የተባለ መመሪያ ልጆች በዓመት ቢያንስ 4 ወር ከውርወራ እንዲያርፉ ይመክራል። በዚያ ጊዜ እግር ኳስ ይጫወት። አባቱም ደስ ይለዋል።

የተረፈ ሄልሜት ማድረግ

እ.ኤ.አ. በ1920 የክሊቭላንድ ቡድን ተጫዋቹ ሬይ ቻፕማን ጭንቅላቱን በኳስ ተመትቶ በማግስቱ ሞተ። ያኔ ሄልሜት የሚያደርግ አልነበረም። ዛሬ አለ፤ ችግሩ ከአጎት ልጅ የተወረሰው፣ የተሰነጠቀው፣ ጭንቅላት ላይ የሚዞረው ነው። ስንጥቅ ካዩ ይጣሉት። ሹሩባ የምትሠራ ልጅ ካለችዎት ሄልሜቱን ከነሹሩባዋ ይለኩላት።

ተራ ሲጠብቁ ዱላ ማወዛወዝ

በሊትል ሊግ እስከ 12 ዓመት ባለው ክፍል ተረኛው ልጅ ተነጥሎ ቆሞ ዱላ ማወዛወዝ አይፈቀድለትም። ፓርክ ውስጥ በራሳችሁ ስትለማመዱ ግን ይህን የሚያስከብር ዳኛ የለም። ትንንሽ እህትና ወንድሞች ከኋላ መጥተው የሚመቱት ያኔ ነው። ዱላ የሚይዘው አንድ ልጅ ብቻ ይሁን።

በጭንቅላት ወደ ቤዝ መንሸራተት

ቤዝ ሯጩ ረግጦ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ወደ እሱ በጭንቅላት መንሸራተት ቴሌቪዥን ላይ ያምራል። በሊትል ሊግ እስከ 12 ዓመት ላሉት ግን ወደነበሩበት ቤዝ ሲመለሱ ካልሆነ በቀር ክልክል ነው። እግር ይቅደም።

“ትንሽ እንጨርስና” እያሉ ነጎድጓድን መናቅ

በአሜሪካ በጋ ከሰዓት ላይ ነጎድጓድ የተለመደ ነው። ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም መኪና ወይም ቤት ውስጥ ይገባል፤ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠበቃል።

ደረቱን የተመታን ልጅ “ትንፋሽ አጥሮት ነው” ብሎ ማለፍ

አልፎ አልፎ የሚደርስ ነው፣ ግን ይገድላል። ኳስ ደረትን በልብ ምት መካከል በሆነች ቅጽበት ከመታ ጤነኛ ልብ ሊቆም ይችላል። ልጁ ወድቆ መልስ ካልሰጠና በደንብ ካልተነፈሰ ወዲያው 911 ይደወላል፣ ደረቱን መጫን ይጀመራል፣ ኤኢዲ የሚባለው የልብ ማስነሻ መሣሪያ ይመጣል። የደረት መከላከያ ጥሩ ነው፤ ሙሉ ዋስትና ግን አይሆንም። ስለዚህ በመጀመሪያው የልምምድ ቀን መሣሪያው የት እንደሚቀመጥ ይጠይቁ። ክፍሉ የሚቆለፍ ከሆነ ደግሞ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ።