የጎን በሩ ቁልፍ ማን ጋ ነው? ቤተ እምነቶች ከአደጋ በፊትና በኋላ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አደጋ ሲደርስ ሰው ወደሚያምነው ቦታ ይሮጣል። ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ መስጊድ፣ ወደ ቤተ መቅደስ። በሩ ክፍት ይሆናል ብሎ ነው፣ እዚያ የሚያውቀኝ ሰው አላጣም ብሎ ነው። የቤተ እምነት ትልቁ ሀብትም ይሄው ነው፤ ሰዎቹን በስም ያውቃቸዋል። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን ሀብት ይዘን ሳንጠቀምበት ስንቀር ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

"ፈጣሪ ይጠብቀናል" ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ

ይጠብቀናል፣ እኔም አምናለሁ። ግን ልጁ የታመመበት አባት እየጸለየም ሐኪም ቤት ይወስደዋል፤ እምነት ጎደለህ የሚለው የለም። ለምዕመናኑም እንደዚሁ ነው።

ኖቬምበር 1 ቀን 1755 ጠዋት የፖርቱጋል ዋና ከተማ የሊዝበን አብያተ ክርስቲያናት ጢም ብለው ሞልተው ነበር። የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነው። መሬት ተንቀጠቀጠ፣ ጣሪያው በሰው ላይ ወረደ፣ ለበዓሉ የበሩት ሻማዎች ደግሞ ከተማዋን ለቀናት ላቃጠለው እሳት ምክንያት ከሆኑት መካከል ነበሩ። ድሮ ነው እንዳትሉ። ማርች 28 ቀን 2025 ምያንማር ውስጥ መጠኑ 7.7 የደረሰ ርዕደ መሬት ሲመታ ቀኑ አርብ ነበር። መስጊዶች ለጁምዓ በተሰበሰቡ ሰዎች ላይ ፈረሱ። ማንዳሌይ ውስጥ ደግሞ የቡድሃ መነኮሳት ፈተና ላይ የተቀመጡበት ሕንፃ ተደረመሰ። እነዚህ ሰዎች እምነት አልጎደላቸውም፣ ሕንፃው ነው ያልቻለው። ስለዚህ ለጉልላቱ ቀለም ገንዘብ ከማዋጣታችሁ በፊት መሐንዲስ ጠርታችሁ ግድግዳውንና ጣሪያውን አስመርምሩ። ከምዕመናኑ መሃል መሐንዲስ አይጠፋም፣ የሚጠይቀው ሰው ነው ያጣው።

በሮቹን አለማየት

አንድ ጊዜ ሰው በሞላበት ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ የጎን በር አለ። ዞር ብዬ ሳየው ወንበሮች ተደራርበውበታል፣ ከወንበሮቹ ጀርባ መቀርቀሪያው ዝጓል፣ ከመቀርቀሪያው በታች የተቆለፈ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። አስተናጋጁን መክፈቻው የት ነው አልኩት። "ጥበቃው ጋ።" ጥበቃውስ? "ዛሬ አልገባም።" ከዚያ በኋላ የተባለውን ትምህርት አንዱንም አልሰማሁም። ዓይኔ ከዚያ በር ላይ አልነቀል አለኝ።

ይሄ እኮ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሰው ውስጥ እስካለ ድረስ የትኛውም መውጫ አይቆለፍም። የሚቻል ከሆነ በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን፣ ምክንያቱም ሰው ከኋላ ሲገፋ ወደ ውስጥ የሚከፈትን በር ማንም ሊከፍተው አይችልም። በዓመት አንድ ሁለቴ ደግሞ ከፕሮግራም በኋላ መውጣትን ተለማመዱ፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጡትን ማን ይይዛል፣ ሕፃናት ክፍል ያሉትን ማን ያወጣል፣ ውጭ የት እንገናኝ። ወላጅ ልጁን ፍለጋ በሰው ጎርፍ ላይ ተቃራኒ እንዳይሮጥ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

መሣሪያ ገዝቶ ሰው አለማሠልጠንም ያው ነው። ኤፕሪል 15 ቀን 2019 የፓሪሱ ኖትር ዳም ካቴድራል ሲቃጠል የእሳት ማስጠንቀቂያው በጊዜ ጮኋል። ጥበቃው ግን የተላከው ወደተሳሳተ ጣሪያ ነበር፣ እሳቱ ካለበት አጠገብ ወዳለው ሕንፃ። ትክክለኛው ቦታ እስኪታወቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ሄደ። ካቴድራሉ ዳግም እስኪከፈት ከ5 ዓመት በላይ ፈጀ።

ዝርዝሩን በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ መተው

በየቤተ እምነቱ ሁሉን የሚያውቁ አንድ እናት አሉ። ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን ደረጃ መውረድ እንደማይችል፣ የማን መድኃኒት ፍሪጅ ውስጥ እንደሚቀመጥ። እሳቸው አደጋው ቀን ካልተገኙስ?

አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ ጻፉት። ስም፣ ስልክ፣ የቤቱ አቅጣጫ፣ የሚያስፈልገው ነገር፣ ሌላ ከተማ የሚኖር ዘመድ ስልክ። ባለቤቶቹን አስፈቅዱ፣ የሰው ምስጢር ስለሆነ ከሁለት ሦስት ሰው በላይ ሙሉውን አይያዘው። መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ስልክ ውስጥ ያለ ዝርዝር ዋጋ የለውምና ወረቀት ላይ ይኑር። ከዚያ አከፋፍሉት፤ አንድ በጎ ፈቃደኛ አሥር ቤት ይያዝ። አደጋ ሲመጣ ሥራው አሥሩን ቤት ማንኳኳት ብቻ ነው፣ መንገዱ ለእሱ ለራሱ አደገኛ እስካልሆነ ድረስ። ጉልበት የማይደርስ የሚሮጥ ጎርፍ ትልቅ ሰው ይጥላል፣ 15 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል።

አዳራሹን ከፍቶ ሰው ማጨቅ

ልባችሁ ደግ ነው፣ ግን አስሉት። በሰብዓዊ እርዳታ ዓለም የሚሠራበት የስፊር መመዘኛ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር ይላል። 200 ካሬ ሜትር አዳራሽ እንግዲህ 57 ሰው ነው የሚይዘው፣ 300 አይደለም። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር። ሽንት ቤት መጀመሪያ ላይ ለ50 ሰው አንድ፣ እየቆየ ሲሄድ ለ20 ሰው አንድ። የሴቶቹ ለብቻ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ማታ መብራት ያለው። ይሄኛውን እንደ ትንሽ ነገር አትዩት፤ ማታ መውጣት የፈራች ሴት ውሃ መጠጣት ታቆማለች።

ጄኔሬተር ካላችሁ ውጭ፣ ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ ይቀመጥ። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ የተኛ ሰው እንደተኛ ይቀራል።

ጎረቤትን አደጋው ቀን መተዋወቅ

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኞችን፣ የጤና ጣቢያውን፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የሌላ እምነት ቤት አሁን ተዋወቋቸው። እነሱ ኩሽና አላቸው፣ እናንተ ሰፊ ግቢ አላችሁ። አንድ ስብሰባ ይበቃል።

ያገለገለ ልብስ መሰብሰብ

ከ2004ቱ ሱናሚ በኋላ ወደ ኢንዶኔዥያዋ ከተማ ባንዳ አቼ የተላከ ልብስ ባሕር ዳር ተከምሮ በስብሷል። ያልተጠየቀ ዕቃ የጭነት መኪናና መጋዘን ይይዛል፣ የሚለየው ሰውም ይፈልጋል፤ መድኃኒትና ምግብ ደግሞ ከኋላው ይጠብቃል። መጀመሪያ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሻለው ገንዘብ ነው። ገንዘብ ስትሰበስቡ ገቢና ወጪውን ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ ሐሜት ከተነሳ በኋላ ማስረዳት ከባድ ነው።

እርዳታን ከስብከት ጋር ማሰር

የተራበ ሰው አሰልፋችሁ መጀመሪያ ስብከት፣ ቀጥሎ ምግብ አትበሉት። እምቢ ማለት ከማይችል ሰው ላይ እሺታ መቀበል ነው። የቀይ መስቀልና የእርዳታ ድርጅቶች በ1994 የተስማሙበት የሥነ ምግባር ደንብም እርዳታ የፖለቲካ ወይም የሃይማኖት አቋም ማራመጃ አይሆንም ይላል። ሰልፉ ላይ የእናንተ ምዕመን ቀድሞ፣ ሌላው ከኋላ ከሆነም ያው ነው። ለምን ታግዙናላችሁ ብሎ ራሱ ከጠየቀ ግን ደስ ብሏችሁ ንገሩት።

ቀብርን ማጣደፍ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከእምነት አባቶች በተሻለ ይህን ሊያስተካክል የሚችል ሰው የለም።

ጎርፍ ወይም ርዕደ መሬት ብዙ ሰው ሲገድል "አስከሬኑ ወረርሽኝ ያመጣል" የሚል ወሬ ይነሳል። በአደጋው ተጎድቶ የሞተ ሰው አስከሬን ወረርሽኝ አያስነሳም፤ ከውሃ ምንጭ መራቁ ግን አይቀርም። በወሬው ምክንያት ሰው ሳይለይ በጅምላ ይቀበራል። በጃንዋሪ 2010 ሄይቲ ውስጥ ከርዕደ መሬቱ በኋላ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው በጅምላ ጉድጓድ ገባ፣ ማን የት እንዳለ ሳይታወቅ። የእናቱን መቃብር የማያውቅ ልጅ ሐዘኑን የት ሄዶ ያውርደው? ስለዚህ ግድ ካልሆነ በቀር አታጣድፉ። ፊቱን ፎቶ አንሱ፣ ቁጥር ስጡ፣ የተገኘበትን ቦታና ልብሱን መዝግቡ፣ ለየብቻ ቅበሩ።

ኢቦላ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ያኔ አስከሬን መንካት በእርግጥ ይገድላል። በ2014 በምዕራብ አፍሪካ ሰው የሚወደውን አጥቦ ሲቀብር እየታመመ አለቀ። የጤና ባለሙያዎች ብቻቸውን ሲከለክሉ ሰው አስከሬን ደበቀ። ካህናትና ኢማሞች ገብተው ሳይነኩ እንዴት በክብር መሸኘት እንደሚቻል ሲያስረዱና ጸሎቱን ከርቀት ሲያደርሱ ነው ብዙ ቤተሰብ እሺ ያለው። የትኛው አደጋ የትኛውን ሥርዓት እንደሚፈልግ አሁን፣ በሰላሙ ጊዜ፣ ከጤና ባለሙያ ጋር ተቀምጣችሁ ተነጋገሩበት።

ለማጽናናት ብሎ ማቁሰል

"የኃጢአታችን ውጤት ነው።" "አታልቅሺ፣ የባሰ አለ።" እባካችሁ ይሄን አትበሉ። ልጇን ያጣች እናት ፊት መልስ መስጠት ግዴታ የለባችሁም። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ በ2011 ያወጡት የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ ተመልከት፣ አዳምጥ፣ አገናኝ። አጠገቧ ቁጭ በሉ፣ ውሃ አቅርቡ፣ የምትፈልገውን ጠይቁ፣ ከሚረዳት ጋር አገናኙ። ካወራች ስሙ፣ ዝም ካለች አብራችሁ ዝም በሉ።

በሁለተኛው ወር መጥፋት

መጀመሪያ ሳምንት ሁሉም ይመጣል። ካሜራው ሲሄድ ሰውም ይሄዳል። የቤቱ ኪራይ፣ የጠፋው መታወቂያ፣ የካሳ ማመልከቻው፣ ሌሊት እንቅልፍ አለመምጣቱ የሚጀምረው ያኔ ነው። አገልጋዮቹም ያኔ ነው የሚዝሉት፤ ሌላውን ሲያጽናኑ የከረሙት አባት የራሳቸው ቤት ፈርሶ ሊሆን ይችላል፣ እሳቸውን ማን ጠየቃቸው?

ያን የስም ዝርዝር አውጡት። ከሦስት ወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ፣ ዓመቱ ሲደርስ የሚደወልበትን ቀን ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ጻፉ። የደዋዩንም ስም።