የጄኔራል ኬሚስትሪን ደንብ እንዴት ትይዙታላችሁ? ደሴ ለደረሳችሁ ፍሬሽማኖች

አብሽሩ፣ ብርዱ ይለመዳል። ኬሚስትሪውም ይለመዳል፤ ደንቡን ቀድሞ ላወቀ።

መጀመሪያ ኮርስ አውትላይኑን፣ ማለትም የትምህርቱን ዕቅድ የያዘውን ወረቀት፣ አንብቡ። መምህሩ ሲያነበው ክፍሉ ግማሹ ያንቀላፋል፤ እናንተ ሦስት ነገር ፈልጉ። ነጥቡ እንዴት ተከፋፈለ? ስንት ክፍለ ጊዜ መቅረት ይቻላል? ፈተና ያመለጠው ሰው ምን ያደርጋል? በብዙ ግቢ ኩዊዙ፣ አሳይመንቱ፣ ላቡ (ቤተ ሙከራው) እና ሚዱ (የአጋማሽ ፈተናው) ተደምረው ግማሽ ያህሉን ነጥብ ስለሚይዙ «በፋይናል አካክሳለሁ» አያዋጣም። ወረቀቱን ፎቶ አንሱት። እስከ ሚድ አይቆይም፣ ይጠፋል።

ከታመማችሁ የክሊኒክ ወረቀቱን ያኑ ቀን አሳውቁ። እኔ በጉንፋን ኩዊዝ ቀርቼ ወረቀቱን በሳምንቱ ይዤ ሄድኩ። «እስካሁን የት ነበርክ?» ተባልኩ። ዜሮዋ እዚያው ቀረች።

ላብ ስትገቡ ጋውን ልበሱ፣ ጫማችሁ ድፍን ይሁን፣ ፀጉር ይታሰር። ሻርፕ በደሴ ብርድ ባይጠላም ከእሳት አጠገብ አውልቁት። አሲድ ስታቀጥኑ አሲዱን ወደ ውሃው ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ውሃውን ጠንካራ አሲድ ላይ ካፈሰሳችሁት በድንገት ግሎ ፊታችሁ ላይ ይረጫል። በመለኪያ ሲሊንደር ውሃ ስትለኩ ደግሞ ዓይናችሁን ከውሃው እኩል ዝቅ አድርጉና የጎበጠውን የታችኛውን ጫፍ አንብቡ። ቆሞ ከላይ የሚያነብ ሰው ሁሌ ይሳሳታል።

አሁን ዋናው። ውሃ ስናፈላ ቴርሞሜትሩ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ደርሶ ቆመ። የላብ ጓደኛዬ «ይሄ ተበላሽቷል» አለና 100 ብሎ ጻፈ። የተበላሸ ነገር አልነበረም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ ከፍ ሲባል የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው 100 ሳይደርስ ይፈላል። ክክ ምድጃ ላይ የሚያስጠብቃችሁም ይኸው ነው። ወደ ኮምቦልቻ ብትወርዱ ቁጥሩ በትንሹ ከፍ ይላል። እንግዲህ ደሴ ላይ 100 ብሎ የጻፈ ተማሪ ከመጽሐፍ መገልበጡን በራሱ ላይ መሰከረ። ያያችሁትን ጻፉ፣ በእስክሪቢቶ። ከተሳሳታችሁ በአንድ መስመር ሰርዙት እንጂ አትፋቁት።

ዶርም ተሰብስቦ ማጥናት ጥሩ ነው፣ እንደውም የሞል (የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ) ስሌት ብቻውን የገባው ሰው አላየሁም። ሪፖርቱን ግን ለየብቻ ጻፉ። ስድስት ሰው አንድ ዓይነት የስሌት ስህተት ሲሳሳት መምህሩ ወዲያው ይገባዋል።

የኩዊዝ ወረቀት ሲመለስላችሁ ነጥቡን ራሳችሁ ደምሩ። ጎደለ ካላችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ፣ በትሕትና፣ መምህሩ ቢሮ በሚገኝበት ሰዓት ሂዱ። ግሬድ ሬጅስትራር ከገባ በኋላ ግን ማመልከቻ፣ ፊርማ፣ ነገ ተመለስ ነው።