ጓዝ ጠቅልሎ አገር ለመግባት፦ ስልክ ቁጥራችሁን ቶሎ አትዝጉ

ከዘጠኝ ዓመት የውጭ ኑሮ በኋላ ጓዜን ጠቅልዬ ስመለስ ያስጨነቀኝ የሻንጣ ኪሎ ነበር። ሦስቴ መዘንኩት። ስልክ ቁጥሬን ግን ከመሳፈሬ በፊት ባለው ቀን ዘጋሁት። ወጪ የቀነስኩ መስሎኝ እኮ ነው! አገሬ በገባሁ በሦስተኛው ቀን እዚያ ያለውን የባንክ ሒሳቤን ለማየት ስሞክር የማረጋገጫ ኮድ ተላከልኝ። ወዴት? ወደዚያው ወደተዘጋው ቁጥር። የቤት ኪራይ ማስያዣዬ ሒሳቡ ውስጥ ገብቶ ሳልነካው ሦስት ወር ከረመ።

እናንተ እንዲህ አድርጉ። ቁጥሩን ወደ ርካሹ ጥቅል ቀይሩና ቢያንስ ግማሽ ዓመት አቆዩት። ከመሄዳችሁ በፊት ባንክ፣ ኢሜይልና ግብር አንድ በአንድ እየገባችሁ ኮዱ የሚላክበትን ቁጥር ለውጡ። ኮድ የሚሰጣችሁ መተግበሪያ አሮጌው ስልክ ላይ ከሆነ ስልኩን ለማንም እንዳትሰጡ። ሒሳቡም የመጨረሻው ደሞዝና የግብር ተመላሽ እስኪገባ ክፍት ይሁን።

ወረቀት እዚያው ሳላችሁ ጨርሱ። የሥራ ልምድ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የክትባት ካርድ፣ የሕክምና ታሪክ። ከሩቅ ሆኖ በኢሜይል መለመን ያታክታል። ሁለቱም አገሮች የ1961ዱ የሄግ አፖስቲል ስምምነት አባላት ከሆኑ፣ መንግሥታዊ አካል ለሰጠው ሰነድ አፖስቲል የሚባለው አንድ ማረጋገጫ ይበቃል፤ ካልሆኑ የኤምባሲ ደጅ መጥናት አለ። መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ሐኪሙ ማዘዣው ላይ የንግድ ስሙን ብቻ ሳይሆን የንጥረ ነገሩንም ስም ይጻፍላችሁ። የንግድ ስም ከአገር አገር ይለያያል።

ስለ ሻንጣ ብዙ አልልም። ፓወር ባንክ በእጅ ይያዛል። ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ዕቃ 230 ቮልት ላይ ከተሰካ ይቃጠላል፤ ጀርባው ላይ «100-240» የሚል ከሌለ እዚያው ሽጡት።

ከባዱ ቤት ከገባችሁ በኋላ ያለው ነው። ጉላሆርን የሚባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች በ1963 የስሜቱን ጉዞ በደብልዩ ፊደል ቅርጽ አስረድተውታል። ሰው ባዕድ አገር ገብቶ አንዴ ይወርዳል፣ ይለምዳል፤ ሲመለስ ደግሞ እንደገና ይወርዳል። እኔ ሁለተኛውን አልጠበቅኩትም ነበር። አንድ ማታ እናቴ ቤት የኩሽናውን ማብሪያ ፍለጋ ግድግዳ ስዳብስ ቆየሁ። ለካ ከበሩ ወዲያ ማዶ አዛውረውታል። የእህቴ ልጅ መጥታ አበራችልኝና «እንግዳ ነው እንዴ?» ብላ እናቴን ጠየቀቻት። ሳቅኩ፤ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ትልቅ ውሳኔ አትወስኑ። ቤት አትግዙ፤ «ተመልሼ ልሂድ» ብላችሁም ቲኬት አትቁረጡ። እናንተ ባልነበራችሁበት ጊዜ ማን ምን ሆነ ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ የራሳችሁን አውሩ። በተለይ «እዚያ እኮ» የምትለዋን ቀንሷት። እህቴ ይህችን ቃል ባወጣሁ ቁጥር ጣት ማጠፍ ጀምራ ነበር። በመጀመሪያው እራት ሁለቱም እጆቿ አልበቋትም።