ሲጋራ ለማቆም የትኛው መንገድ ላንተ ይሆናል?

"ሲጋራ ላቆም ነው፣ በምን ላቁም?" የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው በቀን ስንት ታጨሳለህ አይደለም፣ ጠዋት ከአልጋህ ተነስተህ የመጀመሪያዋን በስንት ደቂቃ ትለኩሳለህ ነው። ፊቱን ሳይታጠብ የሚለኩስና ማታ ድራፍት ላይ ብቻ ሁለት ፍሬ የሚስብ ሰው ችግራቸው ለየቅል ነው፣ ግን ሁለቱም አንድ አይነት ምክር ይሰማሉ ሁለቱም ይከሽፍባቸዋል። (አንተ እያልኩ የምጽፈው ለምዶብኝ ነው እንጂ በድብቅ የምታጨሱ እህቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ለናንተም ነው።)

ስለዚህ መድሃኒት ምናምን ከማለትህ በፊት ሶስት ቀን ቁጠር። እኔ የፓኮው ክዳን ላይ በእስክሪብቶ ሰዓቱን እጽፍ ነበር፣ ከጎኑ አንድ ፊደል፣ ቡና ላይ ከሆነ ቡ፣ ጫት ላይ ከሆነ ጫ፣ ተናድጄ ከሆነ ን፣ ዝም ብሎ ከሆነ ባዶ። የሶስተኛውን ቀን ሳየው 17 ምልክት አለው፣ ዘጠኙ ቡ እና ጫ ናቸው፣ አራቱ ባዶ፣ ለምን እንደለኮስኳቸው ራሴም አላውቅም። በፍሬ የምትገዛ ከሆነ ስልክህ ላይ ጻፈው፣ በፍሬ የሚገዛ ሰው ደሞ ሁሌ ቀንሶ ነው የሚገምተው፣ አምስት ነው ይልሃል ሲቆጠር አስር ይሆናል።

አሁን ከተነሳህ 30 ደቂቃ ሳይሞላ የምትለኩስ ከሆነ ነገሩ የልማድ ብቻ አይደለም፣ ሰውነትህ ራሱ ይጠይቃል። ኒኮቲን 2 ሰዓት ያህል ሲያልፍ ግማሹ ከደም ስለሚወጣ ሌሊቱን ተኝተህ ስትነሳ ባዶህን ነህ ማለት ነው፣ ሀራራው እዛ ላይ ነው። እንዲህ አይነቱን ሰው "ወንድ ከሆንክ በወኔ አቁም" ማለት ግፍ ነው፣ ያለ ምንም እርዳታ ከሚሞክሩ 100 ሰዎች ከስድስት ወር እስከ ዓመት የሚዘልቁት ከ3 እስከ 5 ቢሆኑ ነው። ላንተ የሚሆነው ኒኮቲኑን ያለ ጭሱ እየሰጡ ቀስ ብሎ መቀነስ ነው፣ ማለትም ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፓች ወይም ማስቲካው። በቀን ከ10 በላይ የሚያጨስ ሰው በ21 ሚሊግራም ፓች ይጀምራል፣ ስድስት ሳምንት፣ ከዛ ሁለት ሳምንት 14፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ 7። ጠዋት ጠዋት አዲስ ትለጥፋለህ፣ ቦታውን እየቀያየርክ፣ ማታ ህልም ካበዛብህ ስትተኛ አንሳው። ፓችና ማስቲካ አብሮ መጠቀም ከአንዱ ብቻ ይሻላል፣ ፓቹ ቀኑን ሙሉ ይይዝሃል፣ ማስቲካው ድንገት ሲያምርህ ነው።

ማስቲካው ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እኔም ጭምር፣ እንደ ሱቅ ማስቲካ አላምጬው ስቅታ ይዞኝ ጉሮሮዬ ተቃጥሎ "ይሄ ነገር አይሰራም" ብዬ ጥዬዋለሁ። ቀስ ብለህ ታኝካለህ፣ ምላስህን እንደ በርበሬ መለብለብ ሲጀምር ታቆምና ጉንጭህና ድድህ መሃል ትወሽቀዋለህ፣ መለብለቡ ሲጠፋ እንደገና ታኝካለህ፣ እንዲህ እያልክ ግማሽ ሰዓት። ከማኘክህ 15 ደቂቃ በፊት ቡናም ለስላሳም አትጠጣ፣ ኒኮቲኑ አፍህ ውስጥ በደንብ አይገባም። በ30 ደቂቃ ውስጥ ለሚለኩስ ሰው 4 ሚሊግራሙ ነው፣ ለሌላው 2። ቀን ከመቁረጥህ በፊት ፋርማሲ ዞረህ ጠይቅ፣ ካጣህ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያምጣልህ፣ አሜሪካ ፓቹም ማስቲካውም ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። እስራኤል ያላችሁ ደሞ ኩፓት ሆሊማችሁን (የጤና መድን ድርጅታችሁን) ጠይቁ፣ የማቆሚያ ስልጠናና መድሃኒት የሚያገኙበት መንገድ አለ።

ቫረኒክሊንና ቡፕሮፒዮን የሚባሉ እንክብሎችም አሉ፣ እነዚህ የሐኪም ናቸው። ቫረኒክሊን ከማቆሚያህ ቀን አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ይጀመርና 12 ሳምንት ይወሰዳል፣ ማቅለሽለሽና እንግዳ ህልም ያመጣል። ቡፕሮፒዮን የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አይሆንም። እርጉዝ ከሆንሽ፣ የልብ ችግር ካለ ወይ የአእምሮ ህመም መድሃኒት የምትወስዱ ከሆነ ሳታማክሩ ምንም አትጀምሩ፣ ሲጋራ ሲቆም የአንዳንዱ መድሃኒት መጠን ራሱ መስተካከል አለበት።

ወረቀትህ ላይ የበዛው ቡ እና ጫ ከሆነ ግን፣ ጠዋት ሳታጨስም የምትውል ከሆነ፣ ገንዘብህን ማስቲካ ላይ ከማፍሰስህ በፊት ቦታውን ቀይር። ጫት እየቃምኩ ሲጋራ አቆማለሁ ያለ ሰው ሲሳካለት አላየሁም፣ ምርቃናው ሲመጣ እጅህ ራሱ ነው የሚፈልገው፣ ከዛ ለጨብሲ ስትወጣ አለቀ። ቢያንስ የመጀመሪያውን ወር ጫቱንም ጨብሲውንም ተው። "ሺሻ እኮ ነው" እያልክም ራስህን አትሸውድ፣ እሱም ትምባሆ ነው፣ የከሰሉ ጭስ ተጨምሮበት።

ቡናን ግን ተው አልልህም፣ ማን ሰምቶኝ። ግን አንድ ማንም የማይነግርህ ነገር አለ፣ ጭሱ ካፌይንን ከሰውነት ቶሎ እንዲወጣ ያደርጋል፣ ስታቆም ያው የለመድከው ቡና ደምህ ውስጥ በጣም ይበዛል፣ ልብህ ይመታል እንቅልፍ ታጣለህ ትነጫነጫለህ፣ አንተ ግን ሲጋራውን ስላጣህ ይመስልሃል። አቦሉን ጠጣ፣ ቶናና በረካውን እለፋቸው።

በአንዴ ነው ቀስ በቀስ ለሚለው፣ እንግሊዝ ሀገር ወደ 700 ሰው ለሁለት ቡድን ተከፍሎ ተሞክሮ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ፣ ከአራት ሳምንት በኋላ በአንድ ቀን ካቆሙት 49 በመቶ፣ ቀስ በቀስ ከቀነሱት 39 በመቶ ዘልቀዋል፣ ሁለቱም ፓችና ማስቲካ እየተጠቀሙ። እኔም ቀን ቁረጥ እላለሁ። ሁዳዴን ወይ ረመዳንን የሚመርጥ ብዙ ነው፣ አሪፍ ነው፣ ግን ፍቺው ላይ ነው የሚወደቀው፣ እኔ 55 ቀን ጾሜ የፋሲካ እለት ዶሮው ከመነሳቱ በፊት በረንዳ ላይ ነበርኩ። ለፋሲካ እለት ሌላ እቅድ ከሌለህ ሌላ ሳምንት ምረጥ፣ ሰርግም ለቅሶም የሌለበት።

ሁለተኛና ሶስተኛው ቀን ይከብዳሉ፣ ሀራራው ግን ሲመጣ ብዙ ጊዜ አምስት ደቂቃ ቢቆይ ነው፣ ውሃ ጠጣ፣ ውጣ፣ ለሰው ደውል። አንድ ፍሬ ከሳብክ ደሞ "በቃ ጀመርኩ" ብለህ ፓኮ ለመግዛት አትሩጥ፣ ሰዓቷንና ፊደሏን ጻፋት።